ሪራና የውበት ዳኝነት

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቲን አምባ ካቋረጠ በኋላ ቁልቁል ይታጠፋል። ጅብራው ቀርቶ አስታ ይተካል፤ ግራጫ የዛፍ ጢም ከየቅርንጫፉ ተንዠርግጎ በጭጋግ ይርሳል። ከቁልቁለቱ ሥር፣ በሐረና ደን አፋፍ፣ ሪራ የተባለች መንደር አለች። መስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ መንደሯን ያቀፈውን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የመዘገበው በሁለት መስፈርቶች ነው፤ ዐሥረኛው የብዝኃ ሕይወት፣ ሰባተኛው የልዩ ተፈጥሯዊ ውበት ነው። ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ሊቆጠሩ ይችላሉ። ውበት ግን ዳኛ ይፈልጋል፤ የዚያ ዳኛ ማንነት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው።

ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ዳኝነት ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድን ነገር ውብ ነው የሚል ሰው ፍርዱ ከጥቅም የጸዳ መሆን አለበት ይላል። ለራበው ሰው የሚበላ ሁሉ ይጣፍጠዋል፤ መምረጥ የሚችለው የጠገበ ነው። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ ተራራ ላይ ሲወጣ ግን መንገደኛውን ዳኛ፣ ነዋሪውን ተከሳሽ ያደርጋል። ብሪታንያዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሌስሊ ብራውን በባሌ ፓርክ እንዲቋቋም ወትውቷል፤ ፓርኩም በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሪራ ክልሉ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ ባሌን የሰው እጅ ያልነካው ምድር አድርጎ ማድነቅ ተለመደ፤ በዚህ ዓይን እረኛና ከብቱ ከሥዕሉ መውጣት ያለባቸው ይመስላሉ።

ምድሩ ራሱ ግን ይህን አይመሰክርም። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚያድነውን ግዙፍ ፍልፈል እነሱም ጠብሰው ይበሉት ነበር። አስታውንም እረኞች ለግጦሽ ያቃጥሉታል፤ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ተዳፋቱ እንደየቃጠሎው ዘመን ቁመቱ የተለያየ ቁጥቋጦ ይለብሳል። ጎብኚ ቆሞ የሚያደንቀው መልክ በከፊል የእረኛ ሥራ ነው። በሐረና ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰውም ዛፉ መቼ እንደሚያብብ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ካላወቀ ቀፎው ባዶ ይቀራል። ጥቅሙ ዓይኑን አሠለጠነው እንጂ አላሳወረውም። ካንት የሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መተዳደሪያና የራበው ሰው ጉጉት አንድ አይደሉም።

ጥቅም ያለው ሰው ደኑን ይጨርሰዋል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ መሠረትም አለው። ግጦሽና እርሻ ተስፋፍቷል፤ ከውሾች የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታም በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮዎችን ገድሏል። ይህ ግን የዐሥረኛው መስፈርት ጉዳይ ነው፤ ይለካል፣ ያከራክራል፣ ውሾችን በማስከተብና የግጦሽ ወሰን በመስማማት መፍትሔ ይገኝለታል። በሰሜን ተራሮች የጊች መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ሲወጡ እንኳ ክርክሩ በግጦሽ ላይ ነበር፤ ግጦሽ ሊመዘን ይችላል። «መልኩን ታበላሻላችሁ» ለሚል ክስ ግን ነዋሪው የሚያቀርበው መከላከያ የለም። ስለዚህ የባሌ ውበት በሰነድ ሲገለጽ፣ በጎዳንቱ ልማድ ከብቱን እንደየወቅቱ የሚያዘዋውረው እረኛና የሐረናው ቀፎ ሰቃይ የትኛውን ተዳፋት፣ የትኛውን ዛፍ፣ በየትኛው ወር ውብ እንደሚሉ ተጠይቀው ቃላቸው ከባለሙያው ቃል እኩል መግባት አለበት።