ሙሾና ጩኸት ከቤልፋስት

እ.ኤ.አ. በ1977 በሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት ወጣት መሆን ማለት ሲመሽ መሄጃ ማጣት ማለት ነበር። መሀል ከተማው በብረት አጥር ተከቧል፤ ወደ ገበያ የሚገባ ሁሉ ይፈተሻል፤ የፕሮቴስታንቱንና የካቶሊኩን ሠፈር ግንብ ይለያቸዋል። በጁላይ 1975 ማያሚ ሾውባንድ የተሰኘው ዝነኛ የዳንስ ባንድ ሥራውን ጨርሶ ወደ ደብሊን ሲመለስ፣ የወታደር ልብስ የለበሱ ታጣቂዎች መንገድ ላይ አስቁመው ሦስት ሙዚቀኞች ገድለው ነበርና ከባሕር ማዶ የሚመጣ ባንድ ብርቅ ሆኗል። በኦክቶበር 1977 የለንደኑ ዘ ክላሽ ደፍሮ መጣ። ኢንሹራንሱ ተሰረዘና ዝግጅቱ ቀረ፤ ደጃፍ ላይ የተሰበሰቡትም ልጆች ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። ጥይት ያልከለከለውን ሙዚቃ የመድን ውል ከለከለው።

በዚያው ዓመት ነው የሌሎችን የሮክ ዘፈኖች እየተጫወቱ ይውሉ የነበሩ ጥቂት ጎረምሶች ስማቸውን ወደ ስቲፍ ሊትል ፊንገርስ የለወጡት። ድምፃዊው ጄክ በርንስ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ጎርደን ኦጊልቪ የተባለ ጋዜጠኛ አገኛቸውና በየቀኑ ስለሚኖሩት ኑሮ እንዲጽፉ ገፋፋቸው፤ ግጥሞቹንም አብሯቸው መጻፍ ጀመረ። በ1978 «ሰስፔክት ዲቫይስ»ን በራሳቸው ገንዘብ አሳተሙ። ትርጉሙ «አጠራጣሪ ዕቃ» ማለት ነው፤ ወታደሮች ቦምብ ነው ብለው ለሚጠረጥሩት ነገር ሁሉ የሰጡት ስም። የካሴቱን ሽፋን ተቀጣጣይ ቦምብ አስመስለው ሠርተውት ስለነበር፣ አንድ የሙዚቃ አሳታሚ በድንጋጤ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከነከረው በኋላ ሌላ ቅጂ ላኩልኝ ብሎ ደወለ ይባላል።

የቢቢሲው ጆን ፒል ዘፈኑን ደጋግሞ በሬዲዮ አሰማው። በፌብሩዋሪ 1979 «ኢንፍላመብል ማቴሪያል» የተሰኘው የመጀመሪያ አልበማቸው ረፍ ትሬድ በተባለ፣ ከለንደን የሸክላ መደብር በተወለደ አነስተኛ አሳታሚ አማካይነት ወጣ። በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ 14ኛ ሆነ፤ ከ100 000 ቅጂ በላይም ተሸጠ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያልነኩት አልበም እዚያ ሲደርስ ይህ በአገሩ የመጀመሪያው ነበር።

ሁሉም አልወደዳቸውም። የዴሪ ከተማ ልጆች የሆኑት ዘ አንደርቶንስ ስለ ኮረዳና ስለ ጉርምስና ይዘፍኑ ነበርና፣ የቤልፋስቶቹን በሕዝብ መከራ ይነግዳሉ ብለው ወቀሷቸው። የግጥሙ ተባባሪ ከውጭ የመጣ ጋዜጠኛ መሆኑም ለወቀሳው እንጨት ጨመረ። ወቀሳው ከንቱ አይደለም፤ ዳሩ ግን «ወይስትድ ላይፍ»ን ያደመጠ ሰው በዚያ ብቻ መርካት የሚችል አይመስለኝም። የእኛ ፎካሪ ገዳይነቱን እየቆጠረ ራሱን ያሞግሳል። እዚህ ግን ፎካሪው የሚፎክረው አልዘምትም፣ ለየትኛውም ወገን ጠመንጃ አላነሣም እያለ ነው። እንዲህ ያለውን እምቢታ በለሆሳስ ማለት አይቻልም። ጊታሩ ይጮኻል፤ የበርንስ ጉሮሮ የቆሰለ እስኪመስል ይሻክራል፤ ቁጣው ለታጣቂውም ለመንግሥት ወታደሩም እኩል ይደርሳል። ከሁለቱም ሠፈር የመጣ ልጅ ጎን ለጎን ቆሞ ሊዘፍነው የቻለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ባንዱ በ1983 ተበተነ፤ በ1987 ተመልሶ ተሰባሰበ። ወደ 3500 ሰው የበላው ግጭት በ1998ቱ ስምምነት ረገበ፤ ዘፈኖቹ ግን አልረገቡም። በግላስጎው ባሮውላንድ አዳራሽ በየመጋቢቱ መጫወት ለረጅም ዓመታት ልማዳቸው ሆኖ ቆይቷል። ጎረምሶቹ ሸብተዋል፤ በርንስም ኑሮውን ቺካጎ አድርጓል።

እኔን ከሁሉ አስበልጦ የሚይዘኝ ግን በዚያው በመጀመሪያው አልበም ያለው «ጆኒ ዋዝ» ነው። ዘፈኑ የቦብ ማርሌ ነው፦ ልጇ ባልታሰበ ጥይት መንገድ ላይ የወደቀባት እናት ለቅሶ። ማርሌ አራት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ፣ በለሰለሰ ድምፅ ይዘፍነዋል። ስቲፍ ሊትል ፊንገርስ የወታደር ሰልፍ በሚመስል ከበሮ ይከፍቱትና አስከሬኑን ቤልፋስት ጎዳና ላይ አጋድመው ከስምንት ደቂቃ በላይ ያስጮኹታል። የሚያስጨፍር ነገር የለውም፤ ሙሾ ነው። ደረት የሚደቃበት፣ ጎረቤት የሚሰማው ሙሾ።

ማርሌ «ጆኒ ዋዝ»ን ያወጣበት የ1976ቱ «ራስታማን ቫይብሬሽን» ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በሌላ ዘፈን ይታወቃል። በዚያ አልበም ውስጥ «ዋር» የተሰኘው ዘፈን ቃሉን የወሰደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ካደረጉት ንግግር ነው። ስለ ጦርነት መዝፈን ለፈለገ ወጣት የንጉሡ ቃል እዚያው ተዘጋጅቶ ነበር። የቤልፋስት ልጆች እሱን አልፈው የእናቲቱን ለቅሶ አነሡ።