ትራንስጀኒክ አይጦችና የሚውቴሽን ልኬት

የትራንስጀኒክ አይጥ የሚውቴሽን ምርመራ አንድ ኬሚካል ወይም ጨረር በሕይወት ባለ እንስሳ ዲኤንኤ ላይ ምን ያህል ቋሚ ለውጥ እንደሚያደርስ የሚለካበት ዘዴ ነው። ምርመራው የሚካሄደው በእያንዳንዱ ሴሉ ውስጥ የባክቴሪያ ጂን ይዞ በሚወለድ አይጥ ላይ ነው።

ሚውቴሽንን ለመለካት የሚያስቸግረው ብርቅነቱ ነው። በባክቴሪያ ላይ የሚደረገው የኤምስ ምርመራ ፈጣንና ርካሽ ቢሆንም፣ ኬሚካሉ ተውጦ፣ በጉበት ተለውጦ፣ በደም ተሰራጭቶ የትኛውን የአካል ክፍል እንደሚጎዳ አያሳይም። ዊልያም ራስል በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ያካሄዱት የዘር ምርመራ ደግሞ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈውን ለውጥ ቢያሳይም እጅግ ብዙ ግልገሎችን መመርመር ይጠይቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1989 በኔዘርላንድስ ያን ቫይግና ባልደረቦቻቸው ላክዜድ የተባለውን የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ጂን፣ ባክቴሪያን በሚወርረው የላምዳ ቫይረስ ዲኤንኤ ውስጥ አድርገው ወደ አይጥ ዘር አስገቡ። ሙታማውስ የሚባለው ዝርያ የተገኘው ከዚህ ሥራ ነው። አይጡ አብዛኛውን ጊዜ ለ28 ቀናት ኬሚካሉን ይወስዳል፤ ከዚያም ጉዳቱ ቋሚ ሚውቴሽን እስኪሆን ተጠብቆ ከሚፈለገው የአካል ክፍል ዲኤንኤ ይወጣል። የላምዳ ፕሮቲኖች ሲጨመሩበት የቫይረሱ ዲኤንኤ ተቆርጦ በቅርፊት ይታሸግና ባክቴሪያ እንዲወርር ይደረጋል። ኋላ ላይ የተጨመረው የመለያ ብልሃት እጅግ ያስደንቃል። ባክቴሪያው ጋላክቶስን ማስወገድ የማይችል ተደርጎ የተመረጠ ነው፤ ምግቡ ላይ ደግሞ ፒ-ጋል የተባለ ውሁድ ይጨመራል። ላክዜዱ ጤነኛ ከሆነ ውሁዱን ሰብሮ ጋላክቶስ ያወጣል፤ ባክቴሪያው ይመረዛል፣ ቫይረሱም ሳይራባ ይቀራል። ላክዜዱ የተበላሸበት ቫይረስ ግን ተራብቶ በሳህኑ ላይ ጥርት ያለ ነጥብ ይተዋል። የነጥቦቹ ቁጥር ለጠቅላላው የቫይረስ ብዛት ሲካፈል የሚውቴሽኑ ድግግሞሽ ይታወቃል።

ላክአይ የተባለውን ጂን የያዘው ቢግ ብሉ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የጃፓኑ ጂፒቲ ዴልታ ደግሞ በ1996 ተከተሉ። ጂፒቲ ዴልታ ሌሎቹ በቀላሉ የማይዙትን የዲኤንኤ ቁራጭ መጥፋት ጭምር ይለያል።

የዘዴው ትልቁ ጥቅም ከቁጥሩ ይልቅ የለውጡን ዓይነት ማሳየቱ ነው። አሪስቶሎኪክ አሲድ የተሰጣቸው የቢግ ብሉ አይጠ መጎጦች ኩላሊት ውስጥ በብዛት የታየው ለውጥ የአዴኒን–ታይሚን ጥንድ ወደ ታይሚን–አዴኒን መገልበጡ ነው። ይኸው አሻራ በባልካን አገሮች ስንዴ መሃል ከሚበቅልና ይህንኑ አሲድ ከያዘ አረም በሚመጣው የኩላሊት በሽታ በተያዙ ሰዎች የሽንት ቧንቧ ዕጢ ውስጥም ተገኝቷል። የእንስሳ ሙከራ ከሰው በሽታ ጋር እንዲህ በግልጽ የሚገጥምበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

የገባው ጂን ለአይጡ ምንም ሥራ ስለሌለው ሚውቴሽኑ ሴሉን አይጠቅምም፣ አይጎዳምም፤ ስለዚህ ሳይጠፋ ይከማቻል። በሌላ በኩል ጂኑ ሥራ ፈትና ሜቲል የተባለው ኬሚካላዊ ምልክት የበዛበት በመሆኑ የአይጡን የራሱን ጂኖች ሙሉ በሙሉ አይወክልም። አንድ ሚውቴሽን ያለበት ሴል ሲባዛም ቆጠራውን ያዛባል፤ በዚህ ጊዜ የተገኙትን ጂኖች በቅደም ተከተል ማንበብ ያስፈልጋል።

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) መመሪያ ቁጥር 488 እ.ኤ.አ. በ2011 ዘዴውን ለኬሚካል ደኅንነት ምርመራ አጽድቋል። አሁን ሁለቱንም የዲኤንኤ ክሮች እያመሳከረ የሚያነበው ዱፕሌክስ ሲኩዌንሲንግ ባዕድ ጂን ሳያስፈልገው በማንኛውም እንስሳ ላይ ሚውቴሽን መቁጠር ችሏል፤ ውጤቱም በእነዚሁ ትራንስጀኒክ አይጦች ላይ እየተመዘነ ነው።