ወለባና ቁራጭ ክር፦ ከዋግ የጸጉር ጌጥ ታሪክ

ከኒሯቅ የመጣች አንዲት የክፍል ጓደኛችን የሹሩባዋን ጫፍ በቀይና በአረንጓዴ ክር ቋጥራ ብናያት፣ «ከየት ገዛሽው?» አልናት። ሳቀችብን። «ምን ገዛሽው ትሉኛላችሁ! እናቴ የሻደይ ቀሚሴን ስትጠልፍ የተረፈ ነው» አለች።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችን ያች ቁራጭ ክር ናት። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ስለ ዋግ ስንጠየቅ ምላሳችን ላይ የሚቀድመው ዋግሹም ነው። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እንደ ነገሡ፣ በ1863 ዓ.ም. ደግሞ አድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ድል እንደ ሆኑ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን እንወጣዋለን። ካሣ፣ ኋላ አፄ ዮሐንስ የተባሉት፣ በሥዕላቸው ሹሩባ የተሠሩ ናቸው። ዳሩ ግን ያን ሹሩባ የሠራችው እጅ የማን ናት? በምንስ ከፋፈለችው? ይህን የጠየቀን መምህር የለም፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ጠይቀን አናውቅም።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በደጋው አገራችን ጸጉር የዕድሜ መዝገብ ነበር። ለሕፃን ወንድ ቁንጮ፣ ለትንሽ ሴት ልጅ ጋሜ፣ ለአቅመ ሔዋን ለደረሰችው ሳዱላ፣ ላገባችው ሹሩባ። ለዚህም ሥራ ብሎ ልዩ መሣሪያ የሚገዛ አልነበረም። ሞሰብና ሰፌድ የሚሰፋበት ወስፌ ጸጉርንም ይከፍላል፤ የጃርት እሾህ ከተገኘም እሱ ያገለግላል። የጸጉር ሥራ ከስፌትና ከፈትል ጎን፣ በዚያው መደብ ላይ፣ በዚያው እጅ የሚሠራ ነገር ነው።

ብሩ ግን በሌላ መንገድ መጣ። ሰቆጣ በ19ኛው መቶ ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የመጣው አሞሌ እዚያ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። በንግዱ የሚዘዋወረው ማርትሬዛ ብር የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ያለበት፣ በየትኛውም ዘመን ቢታተም 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የተጻፈበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ገንዘብ ነው። አንጥረኛ ይህንን አቅልጦ መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ፣ እንዲሁም በጸጉር ላይ የሚሰካውን ወለባ ይሠራበታል። ስለዚህ ወለባ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ራስ ላይ የተሰካ ጥሪት ነው።

ጥሪት ደግሞ ይሸጣል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን፣ የ1966ቱ የወሎ ረሀብ፣ የ1977ቱ ድርቅ፣ እነዚህን ሁሉ ዋግ አይታለች። ረሀብ ደጃፍ ሲቆም ከቤት ቀድሞ የሚወጣው ዋጋ ያለው ነገር ነው። ጓደኛችንን ጠጋ ብለን ብንጠይቃት፣ «የአያቴ ወለባ በ77 ለማሽላ ሄደ። እናቴ በክር ማሰር የለመደችው ያኔ ነው» አለችን። ከዚያ ወዲያ አልሳቀችም፤ እኛም ዝም አልን።

ይኸውላችሁ ታሪኩ! ብሩ ከጨው ገበያ ጋር መጥቶ ከእህል ጋር ሄደ። ቁራጩን ክር ግን ማን ይገዛዋል? ስላልተሸጠ ከቤት ቀረ፤ ከእናት ወደ ልጅ ተላለፈ። ነሐሴ 16 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ልጃገረዶች ከሜዳ ያመጡትን ለምለም ሻደይ ወገባቸው ላይ አስረው ሲወጡ፣ የራሳቸው ጌጥም ብዙውን ጊዜ በቤት የተሠራ ነው፤ ከጥልፍ የተረፈ ክር፣ ከተበጠሰ የአንገት ጌጥ የተለቀመ ጨሌ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግን ሲመታ ከአበርገሌ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ሰቆጣ ዙሪያ ተፈናቀለ። ከቤቱ በሌሊት የወጣ ሰው ሣጥን አይሸከምም። ሹሩባ የመሥራት ዕውቀት ግን በእጅ ላይ ያለ ነገር ነውና አብሮ ይሰደዳል።

ይህን ስንል ድህነትን እናወድስ ማለታችን አይደለም። ክሯ ታምራለች፤ ነገር ግን በወለባ ፋንታ የገባች መሆኗን መርሳት ግፍ ነው። የምንለው ሌላ ነው። ሙዚየም ስንገባ በመስታወት ውስጥ የሚያብረቀርቀውን ብር አይተን «የአገራችን ጌጥ ይህ ነው» ብለን ከወጣን፣ ያየነው ብሩን ሳይሸጥ ለመቆየት የቻለውን ሰው ታሪክ ብቻ ነው። የሸጠችዋ ሴት ከታሪክ ውጭ ቀረች።

ስለዚህ በሚመጣው ነሐሴ ወደ አገር ቤት የምትወርዱ ጓዶቻችን ሆይ፣ ወለባ ያላቸውን ባልቴት ብቻ አትፈልጉ። ወለባ የሌላቸውንም አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ፣ «እማማ፣ ይህን ማሰር ማን አስተማረዎት? ክሩ ከምን የተረፈ ነው? ወለባውስ የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከነቀኑ ጻፉት። እኛ ዘግይተናል፤ እናንተ ግን አያቶቻችሁ ሳያልፉ ድረሱ።