ቁራኛ እና የባለ ዕዳ ገመና

«የአልጋ ቁራኛ» እንላለን፤ ያሳሰበንን ነገር «በዓይነ ቁራኛ» እንጠብቃለን። ቃሉ ከፍርድ አደባባይ የመጣ መሆኑን ግን ዛሬ ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል። በቀድሞው ዘመን ባለ ዕዳና አበዳሪ በሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰሩ ነበር፤ ወደ ዳኛ የሚሄዱ ባላጋሮችም ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠር ነበር። ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ሁለቱ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የውጭ ሀገር ተጓዦች ይህን ትዕይንት በጽሑፍም በፎቶግራፍም አስቀርተውታል።

ተጓዦቹን ያስደነቃቸው ብረቱ ነው። እኔን የሚከብደኝ ግን መንገዱ ነው። ገበያ ሲወጡ ያየ ሁሉ «ይህ ሰው ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የባለ ዕዳው ገመና ከፊቱ ቀድሞ ይሄዳል። ሆኖም በዚያ ሥርዓት ውስጥ አንድ ፍትሕ ቢጤ አለ፤ ያሳሰረውም አብሮ ታስሯል። አበዳሪው ቤቱ ተቀምጦ የሌላውን ስም በአደባባይ ማዞር አይችልም፤ የራሱን እጅና የራሱን ቀን መክፈል አለበት።

በኋላ የመጡት አበዳሪዎች ከዚህ ወጪ ተገላገሉ። በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት፣ አንድ የመኪና ጋራዥ ባለቤት አንድ የእንስሳት ሐኪም ያልከፈለውን 49 ዶላር ከ67 ሳንቲም ለማስመለስ 5 ጫማ በ8 ጫማ የሆነ ማስታወቂያ አጻፈና ሰው በሚበዛበት ጎዳና ላይ፣ በጋራዡ መስኮት ሰቀለው። የሐኪሙ ስምና የዕዳው ልክ ተጽፎበታል፤ በተስፋ ቃል ዕዳ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ይህ ዱሮ በተከፈለ ነበር የሚል ሽሙጥም ታክሎበታል። ነገሩ ሐሰት ቢሆን ስም ማጥፋት ተብሎ ይከሰስ ነበር። ዕዳው ግን እውነት ከሆነስ? የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «የብሬንትስና የሞርጋን ክርክር» በሚባለው የ1927 (እ.ኤ.አ.) ፍርዱ፣ እውነት የሆነውንም ዕዳ እንዲህ መስኮት ላይ መስቀል የሰውን የግል ሕይወት መድፈር ነው አለ።

መስኮት በግልጽ ይጮኻል፤ ስልክ ግን ያንሾካሹካል። ከዚያ ፍርድ ጥቂት ቀደም ብሎ ቱርኒየር የተባለ እንግሊዛዊ ከባንክ ሂሳቡ በላይ ስላወጣ 9 ፓውንድ ከ8 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ዕዳ ነበረበት። በየሳምንቱ 1 ፓውንድ ሊከፍል ተስማማ፤ ጥቂት ከፍሎ አቋረጠ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ የሰውየውን አድራሻ ለማግኘት ብሎ ወደ አሠሪዎቹ ደወለ። አድራሻ ጠይቆ ቢያበቃ ኖሮ ታሪክ ባላስታወሰው። ወሬው ግን ወደ ዕዳው ተሻገረ፤ ከዚያም አልፎ ሰውየው ከፈረስ እሽቅድድም አወራራጆች ጋር የገንዘብ ግንኙነት እንዳለው ወደ መጠቆም ሄደ። የሦስት ወሩ የሥራ ውል ሲያልቅ አሠሪዎቹ አላደሱለትም። ለዘጠኝ ፓውንድ ተብሎ ዘጠኙ ፓውንድ የሚከፈልበት እንጀራ ተቋረጠ፤ የዚህን ስሌት ብልሃት እስከ ዛሬ አልተረዳሁትም።

የሎንዶኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነገሩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። በ1924 (እ.ኤ.አ.) የሕግ መዝገብ ላይ የሚገኘው ይህ ፍርድ ባንክ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፣ ግዴታውም በውሉ ላይ ባይጻፍም ከውሉ እንደሚመነጭ አጸና። ምስጢሩ የሚወጣባቸው በሮች አራት ብቻ ናቸው፤ ሕግ ሲያስገድድ፣ ለሕዝብ ያለ ግዴታ ሲጠይቅ፣ የባንኩ የራሱ ጥቅም ሲያስፈልግ፣ ደንበኛው ሲፈቅድ። ሦስተኛው በር ያሳስበኛል። አበዳሪ ዕዳውን ለማስከፈል ሲከስ ልኩን ለዳኛ መናገሩ ግድ ነው፤ ዳኛ ግን አሠሪ አይደለም፣ ጎረቤትም አይደለም። አብዛኞቹ ዳኞች የፈረስ ውርርዱ ወሬ ከሰውየው ከራሱ ሂሳብ ባይገኝም፣ ባንኩ በባንክነቱ እስከ ሰማው ድረስ ምስጢር ነው ብለዋል።

እኛ ዘንድ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጹ የግል ሕይወትን መብት አውጇል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ግን የወጣው በ2016 ዓ.ም. ነው። በጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በእጅ ስልክ የሚያበድሩ ድርጅቶች የተበዳሪውን የስልክ ማውጫ እየከፈቱ ለዘመዱ፣ ለወዳጁ፣ ለአለቃው መልእክት ይልኩ ነበር። የሀገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ ይህን ከለከለ።

የስልክ ማውጫ የጥንቱ ገበያ ነው። ልዩነቱ፣ ባለ ዕዳው በዚያ በኩል ማን እንዳለፈና ማን እንዳየው አለማወቁ ነው፤ አበዳሪውም አጠገቡ የለም። እናቱ «ልጄ፣ ምን ጎደለህ?» ብላ ስትደውልለት ነው መታሰሩን የሚሰማው።