ጳጉሜን የሚያውቅ ቤት፣ ጳጉሜን የማያውቅ እንግዳ

መቼም «አርብ ገበያ» ሲባል ሰርቨር ትዝ የሚለው ሰው የለም። ግን በዚህች የታች ጋይንት ከተማ የተከተበ ሕፃን ዛሬ በወረቀት መዝገብ ላይ ብቻ አይቀርም። ቁጥሩ ከሌሎች ጋር ተደምሮ ጤና ሚኒስቴር በሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 ውስጥ ይገባል። ይህ ሥርዓት የሚኖረው በጃቫ ሰርቨር ላይ ነው። ቅጹንና ግራፉን የሚያሳዩን ግን በጃቫስክሪፕት የተጻፉ እንግዶች ናቸው። የዚህ አብሮ መኖር ታሪክ ደስ ይላል፤ እስቲ እናውጋው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ለምን ይህን እንዳልኩ ኋላ ይገባችኋል።)

በ1997 ጂም ሁጉኒን ፓይተንን በጃቫ ላይ የሚያስኬድ ጄፓይተን የተባለ ፕሮግራም ሠራ፤ በኋላ ጃይተን ተባለ። በዚያው ዓመት ኔትስኬፕ ለጃቫስክሪፕት ራይኖን ጀመረ። በ1999 ሰን ኩባንያ ቶምካት የሆነውን ሰርቨር ለአፓቺ ሰጠ፤ በነጻ የሚገኝ ቤት ተገኘ ማለት ነው። በ2001 ሩቢን በጃቫ የሚያስኬደው ጄሩቢ ተጀመረ። በ2006 ሰን የጄሩቢን ሁለት ዋና ሠሪዎች ቀጠረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ጃቫ 6 ደግሞ ለስክሪፕት ቋንቋዎች የጋራ በር ከፈተ። ካውቾ የሚባል ኩባንያም ኩዌርከስ በሚለው ሥራው ፒኤችፒን አስገባ።

ለምን ይህን ሁሉ ለፉ? ጃቫ ጠንካራ ነው፣ ግን ቀርፋፋ ቤት ነው፤ አንድ መስመር ለመቀየር እንደገና ማጠናቀርና መጫን ያስፈልጋል። ስክሪፕት ግን አርመህ ገጹን ስታድስ ለውጡን ታያለህ። በሌላ በኩል መሥሪያ ቤቱ የጃቫ ሰርቨሩን ገዝቶ፣ ተቆጣጣሪውን ቀጥሮ ጨርሷል። ሌላ ሰርቨር ከመትከል እንግዳውን ማስገባት ይቀላል፤ የዳታቤዝ ግንኙነቱንና የጃቫ ላይብረሪውን ሁሉ ይጠቀማል። ዋጋውስ? ብዙ ሜሞሪ ይበላል፣ ሲነሣም ይዘገያል።

እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ይሆናል ይባል የለ? ጃቫ በ2014 ናሾርን የተባለ አዲስ የጃቫስክሪፕት ሞተር ይዞ ወጣ፤ በ2020 ደግሞ በጃቫ 15 አስወጣው። ስክሪፕቱም ቀስ በቀስ ሥራውን ከሰርቨሩ ወደ ተጠቃሚው ብራውዘር አዛወረ።

ዲኤችአይኤስ 2 የዚህ የኋለኛው ዘመን ልጅ ነው። ሥሩ ከአፓርታይድ በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ነው፤ የጃቫውን ቅጂ የመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በ2006 በሕንድ ኬረላ ተሞከረ። አፖቹ በዚፕ ታሽገው ሰርቨሩ ላይ ይጫናሉ፤ ሰርቨሩ ያድላቸዋል፣ የሚሮጡት ግን በጤና ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ላይ ነው።

አሁን ወደ ጳጉሜ እንምጣ። ሰርቨሩ የጆዳ ታይምን ላይብረሪ ስለሚጠቀም 13ኛዋን ወር ያውቃታል። የጃቫስክሪፕት የራሱ ቀን ቆጣሪ፣ ዴት የሚባለው፣ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን 12 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ የኦስሎ ሰዎች ለስክሪፕቱ ወገን የኢትዮጵያንና የኔፓልን አቆጣጠር የሚያሰላ ሌላ ላይብረሪ መጻፍ ግድ ሆነባቸው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ጳጉሜ 3 የተከተበን ሕፃን ሰርቨሩ በአንድ ወር፣ ስክሪፕቱ በሌላ ወር ከቆጠሩት የወረዳው ሪፖርት ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። ክትባት የሚላከው ደግሞ ሪፖርት ታይቶ ነው።

እንግዳ ቤት ሲገባ የቤቱን ቋንቋ መማሩ አልበቃም፤ የአገሩን ቀን መቁጠሪያም መማር ነበረበት። እናንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ አፕ የምትጽፉ ልጆች፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት አንዴ በጳጉሜ 5፣ አንዴም በየአራት ዓመቱ በምትመጣው ጳጉሜ 6 ሞክሩት። አርብ ገበያ ያለችው ነርስ ስሕተቱን የምታየው ቁጥሩ ከተላከ በኋላ ነውና።