የልጆቻችን ክትባት፦ የመንግሥታት ሕግና የወላጆች አማና



ካዛንቺስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስሙ ራሱ የታሪክ ቅሪት ነው። በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ የተባለውም በሕዝቡ አፍ «ካዛንቺስ» ሆኖ ቀረ። ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሥር የሚገኘው ይህ ሰፈር ልጆቹን ለዓለም የበተነ ሰፈር ነው። አንዷ ለእንጀራ ጅዳ ወርዳለች፤ ሌላው በዕጣ አሜሪካ ገብቷል፤ የቀረው እዚሁ ነው።

እስቲ አንዲት የካዛንቺስ አያት በዓይነ ኅሊናዎ ይመልከቱ። ሦስት የልጅ ልጆች አሏቸው እንበል። አንዱ ከእሳቸው ጋር አዲስ አበባ የሚያድግ፣ ሁለተኛዋ ጅዳ የተወለደች፣ ሦስተኛው ሚኒሶታ የተወለደ። ለዒድ ቤተሰቡ ተሰባሰበና ሦስቱ የክትባት ካርዶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ዋሉ። አያት ማንበብ ባይችሉም ልዩነቱ ከዓይናቸው አላመለጠም። «እነዚህ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ታዲያ መርፌያቸው ለምን ተለያየ? የትኛው ሐኪም ነው የተሳሳተው?» ብለው ቢጠይቁ ምን ብለን እንመልስላቸዋለን?

መልሱ «ማንም አልተሳሳተም» የሚል ነው። ነገር ግን ለምን እንዳልተሳሳቱ ለመረዳት ታሪኩን ማወቅ ያሻል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ከበሽታው እንነሣ። የአዲስ አበባው ልጅ ክንድ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች፤ እንደ ተወለደ የተሰጠው የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ፣ ቢ.ሲ.ጂ. የሚባለው፣ ምልክት ናት። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ብዙ በመሆኑ ሕፃኑን ከክፉው ዓይነት ለመጠበቅ ይሰጣል። በአሜሪካ ግን በሽታው ጥቂት ስለሆነ ቢ.ሲ.ጂ. ለሁሉም ሕፃን አይሰጥም። ስለዚህም ነው እዚህ ያደገ ሰው አሜሪካ ሄዶ በቆዳ ሲመረመር አንዳንድ ጊዜ «ቲቢ አለብህ» የሚያሰኝ ውጤት የሚያየው፤ ቆዳው ያስታወሰው የልጅነት ክትባቱን ሊሆን ይችላልና ክትባት የማያሳስተው የደም ምርመራ እንዳለ ማወቁ ይጠቅማል።

ኩፍኝንም ያስተውሉ። በእኛ አገር የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል፤ በአሜሪካ ከ12 ወር በኋላ ነው። ክትባቱ ዕድሜው ከፍ ባለ ሕፃን ላይ የበለጠ ይይዛል። ነገር ግን ኩፍኝ በሚመላለስበት አገር እስከ ዓመት መጠበቅ ሕፃኑን ለበሽታው አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ በ9 ወር ይሰጥና የጎደለው በ15 ወር በሚሰጠው ሁለተኛ ክትባት ይሞላል። የጅዳዋ ልጅ ካርድ ላይ ደግሞ የማጅራት ገትር ክትባት በመደበኛው ዝርዝር ውስጥ ሰፍሮ እናገኛለን። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየዓመቱ ከዓለም ዙሪያ ሑጃጅ የምትቀበል አገር ናት፤ በ1987 በሑጃጅ መካከል የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ ክትባቱን ለእንግዶቿ ግዴታ አደረገች። ከአዲስ አበባ ለሐጅ የተጓዘ ሁሉ ይህን ካርድ ይዞ ነው አውሮፕላን የሚሳፈረው።

ሁለተኛው የልዩነት ምንጭ ሕግ ነው። መንግሥት የወላጅን በር የሚያንኳኳበት መንገድ ከአገር አገር ይለያያል።

እንግሊዝ በ1853 ሕፃናትን ከፈንጣጣ ማስከተብ በሕግ አስገደደች፤ እምቢ ያለ ወላጅ ይቀጣ ነበር። ሕዝቡ ግን ግዳጁን ጠላው፤ በ1885 ሌስተር በምትባለው ከተማ ትልቅ ሰልፍ ተደረገ፤ በ1898 ኅሊናዬ አይፈቅድም ለሚል ወላጅ በር ተከፈተ። በ1948 ግዴታው ጨርሶ ተነሣ። ዛሬም በዚያ አገር ክትባት በምክርና በፈቃድ ነው። አሜሪካ ሌላውን መንገድ ያዘች። ካምብሪጅ በተባለች የማሳቹሴትስ ከተማ ጃኮብሰን የሚባል ቄስ አልከተብም ብሎ 5 ዶላር ተቀጣ። ተሟግቶም በ1905 ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰና ተፈረደበት። ከዚያ ወዲህ የክፍላተ ሀገሩ ሕግ ትምህርት ቤት መግባትን ከክትባት ጋር አያይዟል፤ ብዙዎቹም በእምነት ወይም በኅሊና ምክንያት ለሚጠይቅ ወላጅ ነፃ መውጫ ትተዋል። ፈረንሳይ ከ2018 ጀምሮ ለተወለዱ ሕፃናት የግዴታ ክትባቶችን ከ3 ወደ 11 አሳደገች። ጃፓን በተቃራኒው በ1994 ግዴታውን ትታ ወደ ምክር ዞረች። ሳውዲ ዐረቢያ የልደት ምስክር ወረቀት መስጠትን ከክትባቱ መሟላት ጋር አያይዛ ብዙ ሠርታለች።

እንግዲህ አንዱ በቅጣት፣ ሌላው በወረቀት፣ ሌላው በልመና ነው። የእኛስ?

የእኛን ለመረዳት ፈንጣጣን እናስታውስ። አባቶቻችን ለፈንጣጣ ከታማሚው ቁስል ወስደው የጤነኛውን ቆዳ እየበጡ ይከትቡ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ጽፈዋል። ብዙ ሰው የዳነበት ዘዴ ነው፤ ነገር ግን የሚሰጠው ሕያው በሽታ ስለሆነ ወረርሽኝ የሚያስነሣበት ጊዜም ነበር። በጥር 1971 መንግሥትና የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ዘመቻ ጀመሩ። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ በዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ሠራተኞቹ በመኪና፣ በበቅሎ፣ በእግርና በሄሊኮፕተር ዞሩ። የበሽተኛ ፎቶግራፍ ይዘው በየገበያው «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ጠየቁ፤ በሽተኛ በተገኘበት ዙሪያውን ከተቡ። በነሐሴ 1976 የመጨረሻዋ ታማሚ በኦጋዴን በረሃ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘች፤ የ3 ዓመት ልጅ ነበረች። ዳነች።

በሽታው ግን ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ውስጥ ጥቂት ቆየ። በጥቅምት 1977 መርካ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አሊ ማው ማሊን የሚባል ወጣት የሆስፒታል ወጥ ቤት ታመመ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እርሱ ነው። የሚሠራው ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ ሳለ መርፌውን ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። ከዳነ ከዓመታት በኋላ ፖሊዮን በሚያጠፋው ዘመቻ ገባ። ለወላጆች የራሱን ታሪክ እየነገረ ልጆቻቸውን እንዲያስከትቡ ይለምን ነበር። በ2013 በዚያው ሥራ ላይ ሳለ በወባ ሞተ። አላህ ይዘንለት።

ውድ አንባቢ፤ ከዚህ ሰው ሕይወት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ክትባቱ ከአጠገቡ ነበር፤ ዋጋም አልተጠየቀበትም። የጎደለው ክንዱን መዘርጋት ብቻ ነበር።

በኢትዮጵያ ለሕፃናት የሚሰጠው መደበኛ ክትባት በ1980 ሲጀመር ስድስት በሽታዎችን ይዞ ነበር፤ እነርሱም የሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ ናቸው። በ2007 የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ እና ሂብ የተባለው ተሕዋስ መከላከያ ተጨመሩ። በ2011 የሳንባ ምች፣ በ2013 የሮታ ተቅማጥ፣ በ2018 ለልጃገረዶች የማሕፀን በር ካንሰር፣ በ2019 ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ተከተሉ። ሁሉም በነፃ ነው። ፖሊሲው ለአዲስ አበባም ለአፋርም አንድ ነው።

ውጤቱ ግን አንድ አይደለም። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት ሕፃናት በአገር ደረጃ ከመቶ 39 ነበሩ። በአዲስ አበባ ከመቶ 89፤ በአፋር ከመቶ 15። ያው ካርድ፣ ያው መድኃኒት፣ ያው መንግሥት! ልዩነቱን ያመጣው ሕጉ አይደለም። የአፋር እናት ልጇን ከእኛ እናት አሳንሳ የምትወድ ሆናም አይደለም። ግመልና ፍየል ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ ጤና ጣቢያውን ጥሎ ይሄዳል፤ ጤና ጣቢያው ግን አይከተለውም።

ይህን የምነግርዎ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2024 መገባደጃ በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ለመልሶ ማልማት ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። ለዘመናት በአንድ ጤና ጣቢያ የተመዘገበው ቤተሰብ ዛሬ በአንድ ሌሊት መንገደኛ ሆኗል። ዕቃ ሲጫን አልጋውና ቁም ሳጥኑ ይቆጠራል፤ ያቺ የታጠፈች ካርድ ግን ከአሮጌ ወረቀት ጋር ልትቀር ትችላለች። የ10 ሳምንቱ ክትባት በድንኳንና በጭነት መካከል ይረሳል፤ የ9 ወሩም ይደርሳል። ከመቶ 89ኙ መካከል የነበረው ልጅ ሳይታወቅ ከሌላው ወገን ይሰለፋል።

አንዳንድ ወንድሞች «ሞትም ሕይወትም በአላህ ቀደር ነው፤ መርፌ ምን ይጨምራል?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ስፍራ ሲደርሱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ከተማከሩ በኋላ ሰዉን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ እንዳይሆን በጠየቋቸው ጊዜ፣ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄድ መሆኑን በለምለምና በደረቅ መስክ ግመል በሚያሰማራ ሰው መስለው አስረዷቸው። ሰበብን መፈለግ ተወኩልን አያፈርስም ማለት ነው።

ሌላው የሚያሳስበው ስለ ሐላልና ሐራም ነው። ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሚመለሰው ግን በወሬ ሳይሆን በዑለማእ ነው። በ2018 የኢንዶኔዥያ ዑለማእ ምክር ቤት በአገሩ የሚሰጠውን የኩፍኝና የሩቤላ ክትባት መረመረ። በአሠራሩ ከአሳማ የተገኘ ነገር መኖሩን ሳይደብቅ፣ ሌላ ምትክ እስካልተገኘ ድረስ በዶሩራ፣ በአስገዳጅ ሁኔታ፣ የተፈቀደ ነው ሲል ፈትዋ ሰጠ። እውነቱን ተናግሮ የልጆችን ሕይወት አስቀደመ።

በወሬ የተመራ ሕዝብ የደረሰበትን ደግሞ ከሚኒሶታ እንማር። በ1998 አንድ የእንግሊዝ ሐኪም ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ፤ ጽሑፉ ትክክል ባለመሆኑ በ2010 በመጽሔቱ ተሰረዘ፤ ሐኪሙም ፈቃዱን ተነጠቀ። ወሬው ግን በሶማሌ ቤተሰቦች ዘንድ ሥር ሰድዶ ቀረ። በዚያ ግዛት ሕጉ ኅሊናዬ አልፈቀደም ለሚል ወላጅ ይፈቅዳል። በ2017 ኩፍኝ ገባና 75 ሰዎች ታመሙ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ሕፃናት ነበሩ። ከሀብታም አገር፣ ከሞላ ሆስፒታል መካከል!

እንግዲህ ወደ አያታችን እንመለስ። «የትኛው ሐኪም ተሳሳተ?» ላሉት መልሳችን ይህ ነው፦ እማማ፣ ካርዶቹ የተለያዩት በሽታውና ሕጉ ስለሚለያይ ነው። የጅዳዋን ልጅ ወረቀቱ ይጠብቃታል። የሚኒሶታውን ትምህርት ቤቱ ይጠይቀዋል። ከእርስዎ ጋር ያለውን ግን ማን ይጠይቀዋል? እርስዎና እናቱ ናችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታስተምራለች፤ አዲሱን ቤት ግን ገና ላታውቀው ትችላለች። ሕግ በማያስገድድበት አገር ክትባት በወላጅ እጅ ያለ አማና ነው። ሕፃኑ ደግሞ ራሱ ሄዶ አይጠይቅም።

ስለዚህ ሰፈር የቀየሩ ሁሉ ይህን ያድርጉ። ካርዱን ከመታወቂያና ከልደት ወረቀት ጋር አንድ ላይ ያኑሩ። በአዲሱ ሰፈር ቅርብ ወደሆነው ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ። ካርዱ ከጠፋ የቀድሞው ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ይገኝ እንደ ሆነ ይጠይቁ። ቀጠሮ ስላለፈ አፍረው አይቅሩ፤ የተወሰደው ክትባት አይሰረዝም፤ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀመርም። ልጅ ከውጭ ይዘው የመጡም እንዲሁ የዚያን አገር ካርድ ያሳዩ፤ የጎደለው ብቻ ይሞላለታል።

የመስጊድ ጎረቤቶችም ድርሻ አለን። ከጁሙዓ በኋላ አዲስ የገባን ቤተሰብ ስንጠይቅ «ውኃ አገኛችሁ? ትምህርት ቤት አገኛችሁ?» እንላለን። «የልጁ ክትባትስ ስንት ላይ ደረሰ?» የምትለዋን እንጨምርበት።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አማናችንንም የምንወጣ ያድርገን። አሚን።