አንድ ስም፣ ሦስት ቤት፤ ስለ ክሮምዌሎች ሐረገ ትውልድ

በእንግሊዝ አገር የባላባቶችን ሐረገ ትውልድ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሰናክለው የስም መመሳሰል ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ የቤተ ሰብ ስም ተጠርተው ባገኘ ጊዜ፣ አንደኛው ስመ ጥር መኰንን፣ ሁለተኛው ያልታወቀ የገጠር ሰው ቢሆን እንኳ፣ ሁለቱን የአንድ አያት ልጆች ለማድረግ ልቡ ይቸኩላል፤ በተለይም መርማሪው ራሱ በዚያው ስም የሚጠራ እንደ ሆነ ችኮላው ይብሳል። ነገር ግን በዚያ አገር ልማድ የቤተ ሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ከመውረዱም በላይ ከርስት ጋር የሚወረስ፣ በጌታ ሞገስ የሚገኝ፣ በንጉሥ ፈቃድ የሚለወጥ፣ ክፉ ቀን ሲመጣም የሚጣል ነገር ሆኖ ስለ ኖረ፣ የስም አንድነት ለደም አንድነት ምስክር ሊሆን አይበቃም። ይህን ለማስረዳት የክሮምዌል ስም መልካም ምሳሌ ይሆነናል፤ በልዩ ልዩ ዘመን የተነሡ ሦስት ታላላቅ ሰዎች ተጠርተውበታልና፤ ከነዚህም አንደኛው የንጉሥ በጅሮንድ፣ ሁለተኛው የንጉሥ ዋና አማካሪ፣ ሦስተኛው ንጉሡን በፍርድ አስገድሎ በርሱ ፈንታ አገር የገዛ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ የተገኘው በኖቲንግሃምሺር አውራጃ፣ ከኒውአርክ ከተማ በስተሰሜን፣ በትሬንት ወንዝ አጠገብ ከምትገኘው ክሮምዌል ከምትባል ትንሽ መንደር ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ ርስት የተሰጠው መኰንን በርስቱ ስም እየተጠራ መኖር ልማድ ሆነ፤ ይህም መጠሪያ በተከታዮቹ ሁለትና ሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ እየጸና ሄዶ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ የቤተ ሰብ ስም ሆነ። በመንደሩ ስም ይጠራ የነበረው ግን የመንደሩ ጌታ ብቻ አልነበረም። ከዚያችው መንደር ወጥቶ እንጀራውን ፍለጋ ወደ ሌላ አውራጃ የተሰደደ ገበሬ ወይም ቀጥቃጭ፣ በደረሰበት ስፍራ ሰዎች የሚለዩት በወጣበት መንደር ስለ ነበረ፣ ጌታውና ጭሰኛው ምንም ሳይዛመዱ ልጆቻቸው በአንድ ስም ተጠርተው ቀሩ።

የመጀመሪያው ስመ ጥር ክሮምዌል ሎርድ ራልፍ ነው። ይህ ሰው በሄንሪ 6ኛ ዘመነ መንግሥት ከ1433 እስከ 1443 ድረስ የእንግሊዝ በጅሮንድ ሆኖ ሲያገለግል ካካበተው ሀብት ብዙውን በሊንከንሺር አውራጃ፣ ታተርሾል በተባለው ስፍራ በቀይ ጡብ ላሠራው ታላቅ ግንብ አዋለው። ግንቡ ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ወደ ውስጡ የገባ ሰው ከድንጋይ በተጠረቡት የእሳት ምድጃዎች ግንባር ላይ፣ ከባለቤቱ የዘር ዓርማ ጎን፣ የገንዘብ ከረጢት ተቀርጾ ያያል፤ ከረጢቱ የበጅሮንድነቱ ምልክት ነበረ። ሎርድ ራልፍ ግን በ1456 ልጅ ሳይተካ ሞተ፤ ወራሾቹም የእኅቱ ሴቶች ልጆች ስለ ሆኑ የቤቱ ስም በርሱ አበቃ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ከራልፍ አብራክ ወርጃለሁ የሚል ክሮምዌል ቢነሣ፣ ነገሩ ከሥሩ ሐሰት መሆኑን ለማወቅ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

በጅሮንዱ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1485 አካባቢ፣ ለንደን አጠገብ በቴምዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው በፐትኒ ቶማስ ክሮምዌል ተወለደ። አባቱ ዋልተር ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቢራ የሚጠምቅ፣ የሱፍ ጨርቅም የሚያጥብ ሰው ሲሆን፣ በዘመኑ መዛግብት አንድ ጊዜ ክሮምዌል፣ ሌላ ጊዜ ስሚዝ እየተባለ ተጽፎ ይገኛል። ልጁ ግን በወጣትነቱ ባሕር ተሻግሮ በኢጣልያና በፍላንደርስ ከኖረ በኋላ ተመልሶ በካርዲናል ዎልዚ ቤት አገልጋይ ሆነ፤ ካርዲናሉ በ1529 ሲወድቅም እርሱ አብሮ ሳይወድቅ ወደ ሄንሪ 8ኛ ቤተ መንግሥት ገብቶ በ1536 የንጉሡ ማኅተም ጠባቂና ሎርድ ለመሆን በቃ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ቶማስ ፉለር እንደሚተርከው፣ የዘር ዓርማ አዋቂዎች ይህን አዲስ ሹም ደስ ለማሰኘት የጥንቱን የሎርድ ራልፍን ዓርማ ሊሰጡት ፈለጉ። ዓርማ በቀድሞ ዘመን በጦር ልብስ ላይ የሚደረግ ነበረና፣ ቶማስ የሌላ ሰው ካባ ብለብስ ባለቤቱ መጥቶ ይገፍፈኛል ብሎ እምቢ አለ ይባላል። ተረኩ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፣ ቶማስ የያዘው ዓርማ ከበጅሮንዱ ዓርማ ጋር የሚገናኝበት ነገር የለም፤ በመካከሉ የሚታዩት ሁለት ጥቁር ወፎች የተወሰዱት ከቀድሞ ጌታው ከካርዲናል ዎልዚ ዓርማ ነው። የቀጥቃጩ ልጅ ውለታውን አስመሰከረ፤ የሰው ዘር ግን አልቀማም።

ዛሬ የትኛውንም የእንግሊዝ ቤተ ሰብ ለመመርመር መሠረት የሆነውን ነገር ያቆመው ይኸው ሰው መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። በመስከረም 1538 ቶማስ ክሮምዌል በንጉሡ ሥልጣን ለአገሩ ካህናት ሁሉ ባወጣው ትእዛዝ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አንድ መዝገብ እንዲኖረው፣ ቄሱም በየእሑዱ የአጥቢያው ሹማምንት ባሉበት በሳምንቱ ውስጥ የተጠመቀውን፣ የተጋባውንና የተቀበረውን ሰው ስም እንዲጽፍበት አዘዘ። መዝገቡ የሚቀመጥበት ሣጥን ሁለት ቁልፍ እንዲኖረው፣ አንዱ በቄሱ፣ ሁለተኛው በሹማምንቱ እጅ እንዲሆን ተወሰነ፤ መጻፉን ቸል ያለ ቄስም 3 ሽልንግና 4 ፔንስ ለቤተ ክርስቲያኑ ማደሻ እንዲከፍል ተደነገገ። ሕዝቡ ነገሩን አዲስ ግብር ሊጣልብን ነው ብሎ በጥርጣሬ ተመለከተው። የመጀመሪያዎቹ መዛግብት በወረቀት የተጻፉ ስለ ነበሩ ብዙዎቹ ጠፉ፤ በ1598 በብራና እንዲገለበጡ ሲታዘዝም በተለይ ንግሥት ኤልሳቤጥ ከነገሠችበት ከ1558 ወዲህ ያለው እንዲጻፍ ስለ ተባለ፣ በርካታ አጥቢያዎች መዝገባቸው የሚጀምረው ከዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የሚሄደው መርማሪ ኑዛዜንና የርስት ውልን፣ የችሎትንና የግብርን ጥቅልል መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ሦስተኛው ቤት የተነሣው ከቶማስ እኅት ከካትሪን ነው። እርስዋ ያገባችው በፐትኒ የተቀመጠውን የዌልስ ተወላጅ ሞርጋን ዊሊያምስን ነበር። በዌልስ ጥንታዊ ልማድ፣ ልክ እንደ እኛው አገር፣ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ስለ ነበረና መጠሪያው በየትውልዱ ስለሚለወጥ፣ ወደ እንግሊዝ የመጡት ዌልሳውያን የአባታቸውን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም አድርገው መያዝ ከጀመሩ ገና ብዙ ጊዜ አልሆናቸውም ነበር። ስለዚህ የሞርጋን ልጅ ሪቻርድ በአጎቱ ቤት ገብቶ ባለሟል በሆነ ጊዜ ዊሊያምስ መባልን ትቶ ክሮምዌል መባልን ሲመርጥ ያን ያህል የከበደው አይመስልም፤ ጥቅሙ ግን ከፍ ያለ ነበረ። ገዳማት ሲዘጉና ርስታቸው ሲከፋፈል በሥራው ላይ አጎቱን ስላገለገለ፣ በሀንቲንግደንሺር የሚገኘው የሂንቺንብሩክ የደናግል ገዳምና ባለጠጋው የራምዚ ገዳም ከነርስታቸው ለርሱ ሆኑ። ቶማስ ሐምሌ 28 ቀን 1540 በታወር ሂል አንገቱ በተቀላ ጊዜም ሪቻርድ ርስቱንም ስሙንም አልተወም። ልጁ ሰር ሄንሪ በሀብቱ ብዛት ወርቃማው ባላባት እስከ መባል ደረሰ፤ የሄንሪ በኵር ሰር ኦሊቨር ግን በ1603 ለመንገሥ ከስኮትላንድ ይወርድ የነበረውን ጀምስ 1ኛን በሂንቺንብሩክ በታላቅ ድግስ የተቀበለና በወጪ ብዛት ተዳክሞ በ1627 ያንኑ ቤት ለሞንታጊዎች የሸጠ ሰው ነው።

የሰር ኦሊቨር ታናሽ ወንድም ሮበርት በሀንቲንግደን ከተማ ይኖር ነበር፤ ኦሊቨር የተባለው ልጁ ሚያዝያ 25 ቀን 1599 ተወልዶ በ29ኛው ቀን በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። ይህን የሚመሰክረው ያው ቶማስ ያዘዘው ዓይነት መዝገብ ሲሆን፣ በላቲን ከተጻፈው ስም አጠገብ ከጊዜ በኋላ ሌላ እጅ ይህ ሕፃን የእንግሊዝ መቅሠፍት መሆኑን የሚገልጽ ቃል ጨምሮበት፣ ሌላ ደግሞ ሠርዞታል፤ ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ የቄሱ፣ የጠላቱና የወዳጁ እጅ ተገናኝተው ይታያሉ። ኦሊቨር የሪቻርድ የልጅ ልጅ ልጅ እንጂ የቶማስ ተወላጅ አልነበረም፤ ቤተ ሰቡም ይህን አልረሳውም። በ1620 የለንደን የቆዳ ነጋዴ ልጅ የሆነችውን ኤልሳቤጥ ቡርቺየርን ሲያገባ በጋብቻው ውል ላይ «ክሮምዌል፣ በሌላ ስም ዊሊያምስ» ተብሎ ተጽፏል። ሎርድ ፕሮቴክተር ተብሎ አገሩን በገዛ ጊዜም በመንግሥቱ ማኅተም መካከል ያስቀረጸው ዓርማ በጥቁር መደብ ላይ የቆመ ነጭ አንበሳ ሲሆን፣ ይህ የዌልሶቹ የዊሊያምሶች ዓርማ ነው። ስሙ የሸፈነውን ዘር ዓርማው ሲገልጠው እናያለን።

በእናቱ በኩል ደግሞ የስም መመሳሰል ሌላ ነገር አስከተለ። እናቱ ኤልሳቤጥ የኢሊ ተወላጅ ስትሆን የቤተ ሰብዋ ስም ስቴዋርድ ነበር፤ ይህ ቤት፣ በስም መቀራረብ ተመክቶ፣ ከስኮትላንድ ነገሥታት ከስቱዋርቶች እንወርዳለን የሚል የትውልድ ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ኖረ። እንደዚያ ሰንጠረዥ ቢሆን ኖሮ፣ በጥር 1649 ቻርልስ ስቱዋርት በፍርድ ሲሞት የሞቱን ደብዳቤ ከፈረሙት አንዱ የሥጋ ዘመዱ በሆነ ነበር። የኖርፎክን መዛግብት በብርቱ የመረመረው ዋልተር ራይ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነገሩን ፈትሾ፣ ቤተ ሰቡ ከኖርፎክ አውራጃ የወጣ፣ ከነገሥታቱም ጋር የማይዛመድ መሆኑን አሳየ። ብዙ ሰዎች አስደናቂ ብለው ሲደጋግሙት የኖሩት የዘመዳሞች ጠብ አንድ የሐሰት ሰንጠረዥ የወለደው ነበር።

በ1660 ዘውዱ ወደ ስቱዋርቶች በተመለሰ ጊዜ ስሙ የነበረው ሞገስ ወደ አደጋ ተለወጠ። የኦሊቨር ዐፅም ከዌስትሚንስተር ተቆፍሮ ወጥቶ ጥር 30 ቀን 1661 በታይበርን ተሰቀለ። ልጁ ሪቻርድ ወደ ፈረንሳይ ተሰድዶ ጆን ክላርክ ተብሎ ኖረ፤ ወደ አገሩ ተመልሶም በ1712 በቼዝኸንት አረፈ። የራምዚው ሄንሪ ክሮምዌል፣ የዚያ የጀምስ አስተናጋጅ የሰር ኦሊቨር የልጅ ልጅ፣ ቅድመ አያቱ አባት ትቶት የነበረውን ዊሊያምስን መልሶ ያዘ። ከቶማስ በልጁ በግሪጎሪ በኩል በቀጥታ የወረዱት እውነተኞቹ ክሮምዌሎች ግን በንጉሡና በፓርላማው መካከል በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ከንጉሡ ጎን ቆመው በ1645 የአርድግላስ አርልነትን አግኝተው ስለ ነበር፣ መዓርጋቸው በ1687 በወራሽ እጦት እስኪቋረጥ ድረስ ስማቸውን ሳይደብቁ ኖሩ። ከፕሮቴክተሩ ወገን በወንድ በኩል ስሙን የያዘው የመጨረሻው ሰው በ1821 ሲሞት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረችው፤ ባልዋ ስሙን እንዲወርስ አስቀድሞ ፈቃድ ቢለመን፣ ጆርጅ 3ኛ ከእንግዲህ ክሮምዌል አይኑር ብሎ ከለከለ ይባላል።

እንዲህ ያለው ነገር በክሮምዌሎች ብቻ የደረሰ እንዳይመስል፣ ሌሎችንም መጥቀስ ይቻላል። ዛሬ የኖርዘምበርላንድ መስፍኖች የሚጠሩበትን የፐርሲን ስም፣ ወራሽዋን ያገባው የዮርክሺሩ ባላባት ሂው ስሚዝሰን በ1750 በሕግ ተቀብሎት ነው፤ የደራሲዋ የጄን ኦስተን ወንድም ኤድዋርድም የባለጠጋ ዘመዶቹን ርስት ለመውረስ ሲል በ1812 ናይት ተባለ። ከ1530 እስከ 1688 ድረስ የዘር ዓርማ ሹማምንት በየአውራጃው እየዞሩ የባላባቱን ትውልድ ይመዘግቡ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የጻፉት ግን ባላባቱ ራሱ የነገራቸውን ስለ ሆነ፣ በሌላ ሰነድ ሳይመሳከር ሊታመን አይገባውም።

ስለዚህ የትውልድ ታሪክ ለመጻፍ የሚያስብ ሰው፣ ያገሩ ልማድ ምንም ይሁን ምን፣ በስሙ ከሚጠራው ታላቅ ሰው ተነሥቶ ወደ ራሱ ለመውረድ አይሞክር። በእርግጥ ከሚያውቀው ከቅርቡ ሰው ይጀምር፤ በጥምቀት መዝገብ፣ በኑዛዜና በርስት ውል እየተመራ አንዱን አባት ሳያረጋግጥ ወደ ቀጣዩ ሳያልፍ ወደ ላይ ይውጣ፤ ሰነዱ ባለቀበትም ስፍራ እርሱም ያብቃ። ይህን ያደረገ ሰው ምናልባት መጨረሻው ቀጥቃጭ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የራሱ ቀጥቃጭ ከሌላ ሰው በጅሮንድ ይሻለዋል።